ሰላጣው መቼ ነው የሚበላው?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። በስልክ ልመልስ ብዬ ጀምሬ ስለረዘመብኝ ተውኩትና ዛሬ ተረጋግቼ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። «የእስያ ዓይነት የጥቅል ጎመን ሰላጣ ቤት ሠርቼ በግማሽ ሰዓት ውሃ ሆነብኝ። የዓሣ ሶሱ ሽታ ልጆቹን ከጠረጴዛ አስነሳቸው። ጾም ደግሞ ደርሷል፣ የጾሙስ እንዴት ነው?» ነው ያልሽው። እስካሁን የመለሱልሽ ሁሉ የሶስ ዓይነት ዘርዝረውልሻል። እኔ ግን ሶስሽ ጥፋት ያለበት አይመስለኝም። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ሰላጣው መቼ ነው የሚበላው?

ለምን እንደምጠይቅሽ ልንገርሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የቬትናሞች ምግብ ቤት ኩሽና አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ፎልስ ቸርች አካባቢ የምትኖሩ ኤደን ሴንተርን ታውቁታላችሁ፣ ቬትናሞቹ የሞሉበት የገበያ ግቢ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የኛ ሰው ሱቅና ምግብ ቤትም በሽ ነው። የኔ ሥራ ከጠዋት ጀምሮ መክተፍ ነበር። ዋናዋ አብሳይ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም «ኮ» ነው የምንላቸው። አክስት እንደማለት ነው፣ እኛ «እትዬ» እንደምንለው።

የመጀመሪያ ቀን ጎመን ክተፍ ተባልኩ። ለአልጫ እንደሚከተፈው አድርጌ ደህና አድርጌ ከተፍኩ። ኮ መጡ፣ አንዷን ቁራጭ አንስተው አዩአት፣ ምንም ሳይናገሩ ሳህኑን ሙሉ ወስደው ሾርባ ውስጥ ገለበጡት። ከዚያ ሌላ ጎመን አመጡና ራሳቸው አሳዩኝ።

አራት ቦታ ሰነጠቁት። ጠንካራውን እምብርት ቆርጠው ጣሉ። ቅጠሎቹን ሦስት አራት እያደረጉ ላጡና መሐል ለመሐል የሚሄደውን ወፍራም ጅማት አወጡ። የቀረውን ስስ ቅጠል ደራርበው በመዳፋቸው ተጫኑት፣ እንደ ሲጋራ ጠቀለሉት፣ ከዚያ በተሳለ ቢላ ወደ ጎን መቁረጥ። የሚወርደው ነገር ጎመን አይመስልም፣ ክር ነው የሚመስለው። መፈግፈጊያ አይነኩም። መፈግፈጊያ ጎመኑን ይቀጠቅጠዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ ገና ሶስ ሳይነካው ውሃውን መልቀቅ ይጀምራል። ያቺን በብረት ላይ የምታንሸራትቺባትን ስስ መቁረጫ ካለሽ ትሠራለች። ግን መከላከያዋን ተጠቀሚ፣ የኔ አውራ ጣት ላይ እስካሁን ጠባሳ አለ።

እዚያ ቤት ለጎመን ጨው አያደርጉም ነበር። የተከተፈው ደርቆ፣ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ውስጥ ይጠብቃል። ትዕዛዝ ሲመጣ ጎመን፣ ካሮት፣ በእጅ የተቀነጠሰ ቅቅል ዶሮ፣ ናናና ሌላ ቅጠል ይገባል። ሶስ ይፈሳል፣ አምስት ስድስት ጊዜ ይገለበጣል፣ ኦቾሎኒ ይነሰነስበታል፣ ይወጣል። ሰውየው በአሥር ደቂቃ በልቶ ይጨርሰዋል። ውሃ ለመሆን ጊዜ የለውም።

እኔም ይኼንኑ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የዘመድ ልጅ ክርስትና ነበር፣ «ሰላጣ እኔ አመጣለሁ» አልኩ። ቤት ሠራሁ፣ ቤት ሶሱን አደረግኩ፣ በትልቅ ሳፋ ጭኜ አርባ ደቂቃ ነዳሁ። ጸሎት ተደረገ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ክትፎው ቀደመ። ተራው ደርሶ ክዳኑን ስከፍት ጎመኑ ይዋኛል። አንዲት እናት ጭልፋውን ይዘው «ይሄ በኩባያ ነው የሚጠጣው ልጄ?» አሉኝ። በሳፋ የሄደው በሳፋ ተመለሰ።

ነገሩ ቀላል ነው። ጥቅል ጎመን ከመቶ 92 እጁ ውሃ ነው። ጨው ሲነካው ያ ውሃ ይወጣል። የዓሣ ሶስም ሆነ ሶያ ሶስ ጨው ነው፣ ስኳርም ውሃ ይስባል። ስለዚህ ጎመኑ ውሃውን መልቀቁ አይቀርም። ያንቺ ምርጫ ሳህን ላይ ይልቀቀው ወይስ ቀድሞ ማጠቢያ ውስጥ ነው።

ወዲያው የሚበላ ከሆነ እንደ ኮ አድርጊ፣ ጨው የለም። ጃፓኖችም ቶንካትሱ ከሚሉት የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ጎን የሚያቀርቡት ጥሬ ጎመን እንደዚያው ነው። እንደ ፀጉር አቅጥነው ይቆርጡትና በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ይነክሩታል። ቅጠሉ ውሃ ጠጥቶ ቀጥ ይላል፣ ስትነክሺው ይሰማል። ከዚያ በደንብ ይጠፈፍና ሶሱ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚደረግበት። ነገሩ ቶኪዮ ጊንዛ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1895 በተከፈተ ሬንጋቴይ በሚባል ምግብ ቤት እንደተጀመረ ይነገራል። የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ጊዜ ሠራተኛ ሲያጥር፣ የሚበስለውን አትክልት ትተው ጥሬ ጎመን መክተፍ ያዙ ነው የሚባለው። ኩሽና የሠራ ሰው ታሪኩ አይገርመውም።

እንግዳ የምትጠብቂ፣ ይዘሽ የምትሄጂ ወይም ለነገ ምሳ የምታስቀምጪ ከሆነ ግን ጨው ነው መላው። ግማሽ ኪሎ ለተከተፈ ጎመን አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጊና በእጅሽ እሺ። እሺ ስልሽ ገላ እንደምታሺ እንጂ ሊጥ እንደምታቦኪ አይደለም። ሃያ ደቂቃ ተዪው። ከዚያ አንዷን ክር አንሺና ጣትሽ ላይ ጠምጥሚያት። ከተሰበረች አልደረሰም። ሳትሰበር እንደ ቀለበት ከዞረች ደርሷል። አሁን በእፍኝ በእፍኝ እያነሳሽ ጭመቂ። እኔ ከግማሽ ኪሎ አንድ የሻይ ብርጭቆ ገደማ ውሃ ነው የማወጣው። ያ ነው የክርስትናው ቀን ሳፋው ውስጥ የነበረው! ቅመሺው፣ ጨው ከበዛበት አንዴ በውሃ ለቅለቅ አድርገሽ እንደገና ጭመቂ። ጎመኑ በመጠን ያንሳል፣ አትደንግጪ። ሲበላ ግን አሁንም ይንኮሻኮሻል።

ሶሱ እንግዲህ። ለዚያ ግማሽ ኪሎ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዓሣ ሶስ። ጎመኑን በጨው ካሸሽው የዓሣ ሶሱን ወደ አንድ ተኩል ቀንሺ። አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አንድ ቃሪያ በሙቀጫ ከስኳሩ ጋር ውቂ፣ ከዚያ ፈሳሹን ጨምሪ። ዘይት የለውም፣ አትፈልጊለት። ሎሚው ደግሞ ፈረንጆች ለሻይ የሚቆርጡት ትልቁ ቢጫ ባይሆን ይመረጣል። ቆዳው ስስ የሆነው ትንሹ የሀገራችን ሎሚ ነው ለዚህ የተፈጠረው። አሜሪካ ያላችሁ የላቲኖች ሱቅ ውስጥ በመረብ ታስሮ ታገኙታላችሁ።

ስለ ሽታው ልጆችሽን አልፈርድባቸውም። የዓሣ ሶስ ትናንሽ ዓሣና ጨው ብቻ ነው፣ ወራት ሙሉ ታምቆ የሚወጣ ፈሳሽ። ቬትናም ውስጥ የፉኩዎክ ደሴትና የፋን ቲየት ነው ስም ያለው። ከጠርሙሱ ቀጥታ ካሸተትሽው ማንም ይሸሻል። የኛንስ ቅቤ ሲነጠር ጎረቤት ምን ይላል? ሎሚና ስኳር ሲገባበት ግን ሽታው ይረግባል። አንቺ ጎመኑ ላይ ቀጥታ ያፈሰስሽው ይመስለኛል። ሁልጊዜ ለብቻ በጥብጠሽ፣ ቀምሰሽ፣ ከዚያ አፍስሺ። ለልጆቹ መጀመሪያ ግማሹን አድርጊና የጎደለውን በጨው ሙዪ። ቀስ እያሉ ይለምዱታል፣ የኔዎቹ አሁን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ለጾሙ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልጀምርም፣ ያለፈው ዓመት ይበቃናል። ደስ የሚለው ግን ቬትናሞቹም ጾም አላቸው። ቡዲስት የሆኑት ብዙዎቹ በጨረቃ አቆጣጠር ወር በገባ በ1ና በ15 ሥጋም ዓሣም አይቀምሱም። ኮ በነዚያ ቀናት ለራሳቸው የሚሠሩትን ነው እኔ በጾም የምሠራው። በዓሣ ሶሱ ምትክ ሶያ ሶስ ከትንሽ የአናናስ ጭማቂ ጋር፣ በዶሮው ምትክ እንጉዳይ በደረቁ ጠበስ አድርጎ። ቶፉ የምትወጂ ከሆነም ይሆናል። ሶያ ሶሱ ጎመኑን ስለሚያጠቁረው አታብዢ፣ ጨው ቢያንሰው በጨው አስተካክዪ። እዚህ ላይ የተቆላ ሰሊጥ ግድ ነው። ሰሊጡን በደረቅ መጥበሻ እያማሰልሽ ቁዪ፣ መንጣጣት ሲጀምር ወዲያው ከእሳት አውርጂ። ሞቅ እንዳለ በሙቀጫ ግማሹን ብቻ ሰበር አድርጊው። ያ ሽታ የሰሊጥ ፍትፍት ያበላሽን ሰው ሁሉ ያስታውስሻል።

የትኛው የሰሊጥ ዘይት እንደሚሻል የጠየቀችው ሌላዋ እህት፣ ቀለሙን እዪ። ጠቆር ያለው ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀ ነው፣ የእስያ ሰላጣ ሽታ የሚባለው እሱ ነው። ነጣ ያለው ካልተቆላው የወጣ ስለሆነ ያንን ሽታ አይሰጥሽም። ጠቆር ያለው በሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ የቬትናሞቹ ሰላጣ ላይ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም።

ኮሪያዎቹ ጌኦትጆሪ የሚሉት አለ፤ ሳይብላላ የዕለቱን የሚበላ ኪምቺ ነው። የሚሠራው ረዘም ባለው የቻይና ጎመን ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አናንዴል ያሉ የኮሪያ ሱቆች ውስጥ ሞልቷል። በነሱ ቀይ በርበሬ ምትክ የኛን በርበሬ አድርጌ ሞክሬው ነበር። አታድርጉት። የነሱ ሌላ ቅመም የሌለበት፣ ሸካራ፣ ብዙም የማያቃጥል ነው። የኛው ከነኮረሪማው ከነአዝሙዱ ሲገባ ጥሬ ወጥ ወጣልኝ።

ኢንዶሚ ሰብረሽ የምትነሰንሺበት፣ ለውዝ ያለበት ሰላጣ ደግሞ የአሜሪካ ኩሽና ፈጠራ ነው። አልጠላውም። ግን እስያ ሄደሽ ብትጠይቂ አታገኚውም። ከሠራሽው ኢንዶሚውን ሰው ማንኪያ ካነሳ በኋላ በትኚ፣ ቀድመሽ ካደረግሽው ፓስታ ነው የሚሆንብሽ።

አገር ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ብቻ፦ ጥሬ ስለሚበላ ከላይ ያሉትን ሁለት ሦስት ቅጠሎች ጥላችሁ የቀረውን ቅጠል በቅጠል በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ ከመክተፋችሁ በፊት። ካጠባችሁ በኋላም በደንብ ይድረቅ፣ ያለዚያ የጨመቃችሁትን ውሃ መልሳችሁ ከተታችሁት ማለት ነው። የቬትናም ቅጠል ፍለጋ አትድከሙ። ናናና የድንብላል ቅጠል በቂ ነው። በሶብላም ትንሽ ጣል አድርጌ አውቃለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን እንዳይበዛ፣ ሽሮ ሽሮ ይላል።

በጨው የታሸውና የተጨመቀው ፍሪጅ ውስጥ እስከ ማግስቱ አይነቃነቅም። እኔ የተረፈኝን ጠዋት ዳቦ ሰንጥቄ ከእንቁላል ጋር እከተዋለሁ። ኦቾሎኒውን ግን ለብቻው በብልቃጥ ያዢው፣ ሰላጣው ውስጥ ካደረ ይለሰልሳል። ደግመሽ ስትሠሪ ፎቶ ጣይልን።