ሰንጋው መኪና ላይ አልወጣም ሲል፦ የትኛውን መወጣጫ እናሠራ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ከአዳማ ወጣ ብሎ በወንጂ በኩል ነው። ስምንት ሰንጋ እያደለብኩ ነው። ለፋሲካ አዲስ አበባ ወስጄ ልሸጣቸው አስቤያለሁ። ባለፈው ጊዜ አይሱዙ ላይ ስንጭን መከራችንን አየን። አንዱ ተንሸራቶ ጉልበቱ ተላጠ፤ ሁለቱ አንወጣም ብለው ግማሽ ቀን ፈጁብን። አሁን መወጣጫ ማሠራት ፈልጌያለሁ። ብየዳ ቤት ስጠይቅ የሁለት ሜትር የላሜራ መወጣጫ ልሥራልህ አለኝ። ልጄ ደግሞ ለመዝናኛ የሚያከራየው ባለ አራት ጎማ ሞተር አለው። ሞተሩን ፒካፕ ላይ የሚያወጣባቸው ሁለት የብረት ሐዲዶች ስላሉት፣ መሀላቸውን ጣውላ አልብሰን እንጠቀምባቸው ይለኛል። ጎረቤቶቼ አፈር ቆልል፣ እሱ ይበቃሃል ይላሉ። የቱ ይሻላል?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ይህን መኪናው ሳይመጣ በፊት መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው መወጣጫ የሚያስበው መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ ሹፌሩ ቶሎ በሉ እያለ ሲጮህ ነው። ያኔ የተገኘ በርና የተገኘ አጣና ተጋድሞ ይጫናል። ሦስት ወር በፋጉሎ፣ በፉርሽካና በሞላሰስ የተለፋበት ሰንጋ በመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት ሲሰበር ማየት ያንገበግባል። አንድ ጊዜ ዓይኔ እያየ ሆኗል። መወጣጫው ከመኪናው ጫፍ አንድ ጫማ ያህል ሸሽቶ ነበር። ሰንጋው የኋላ እግሩን እዚያ ክፍተት ውስጥ ከተተ። ባለቤቱ እዚያው አሳርደው በቅርጫ ዋጋ ሸጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ምግብ ስመክር ስለ መጫኛም ሳልናገር አላልፍም።

መልሴን ላስቀድም። ጎረቤቶችዎ ልክ ናቸው። ግቢዎ ውስጥ የአፈር መወጣጫ ይሥሩ። አቅም ሲፈቅድ ደግሞ ከመኪናው ጋር የሚሄድ ሁለተኛ የብረት መወጣጫ ያሠሩ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ እነግርዎታለሁ። የሁለት ሜትሩን ግን አይዘዙ። የልጅዎንም ሐዲዶች ለከብት አይጠቀሙባቸው።

የሁለት ሜትሩ ችግር ቁልቁለቱ ነው። ሜትር ይያዙና መኪናው ባዶውን ሳለ ከመሬት እስከ ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) ወለል ይለኩ። መኪናና መኪና ስለሚለያይ የሰው ልኬት አይውሰዱ። 1.20 ሜትር ሆነ እንበል። በሁለት ሜትር ብረት እዚያ ለመድረስ 37 ዲግሪ ያህል መቆም አለበት። ይህ ለከብት መሰላል ነው። ለቋሚ መወጣጫ የሚመከረው ከ20 ዲግሪ የማይበልጥ ነው። ተነቃይ ከሆነ እስከ 25 ዲግሪ ይታገሡታል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሆንም። ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግዎትም። ለአንድ ሜትር ከፍታ ሦስት ሜትር መሬት ይስጡ፤ በቃ። ለ1.20 ሜትር መሬቱ ላይ 3.60 ሜትር ይሆናል፤ የብረቱ ወይም የጣውላው ርዝመት ደግሞ ወደ 3.80 ሜትር ይጠጋል። ብየዳ ቤቱ ይህን ሲሰማ ዋጋ ይጨምራል። ይጨምር። ለላሜራ ውፍረት ከሚከፍሉት ይልቅ ለርዝመት የሚከፍሉት ይጠቅምዎታል።

ርዝመቱን የሚቀንስ ነገርም አለ። ግቢዎ ወይም መንገዱ ዳር ጉብታ ካለ መኪናው ጀርባውን ሰጥቶ ከጉብታው በታች ይቁም። ጉብታ ከሌለ ለኋላ ጎማዎቹ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎድጓዳ ቦታ ቆፍሩና መኪናው እዚያ ይግባ። ካሶኒው በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ጉድጓዱ ፊት ለፊቱ ዘቅዘቅ ያለ ይሁን፤ አለበለዚያ ስምንት ሰንጋ ተጭኖ መውጣት ሊያቅተው ይችላል።

አሁን ወደ አፈሩ። እናንተ አካባቢ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) በቀላሉ ይገኛል። ውኃ ያሳልፋል፣ ሲጠቀጠቅም ጥሩ ይይዛል። ጎንና ጎኑን፣ እንዲሁም መኪናው የሚጠጋበትን ፊት በድንጋይ ይገንቡ፤ ድንጋይ ካልተገኘ ጠንካራ የባሕር ዛፍ ግንድ ይትከሉ። ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል እየሞሉ፣ ውኃ ረጨት እያደረጉ ይጠቅጥቁ። አንድ ላይ ቆልሎ ከላይ መርገጥ አይሠራም፤ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል። ላዩን ከቻሉ በድንጋይና በሲሚንቶ ደረጃ ያድርጉት። የደረጃው ከፍታ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ውስጥ ያለው ስፋት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከብት ዝቅተኛና ሰፊ ደረጃ ላይ ተማምኖ ይረግጣል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ወይም በሽቦ ብሩሽ ይሻክር። ለስልሶ ከደረቀ ሽንትና እበት ሲነካው ሳሙና ይሆናል።

ጫፉ ላይ ሳይደርሱ ቢያንስ 1.50 ሜትር የሚሆን ሜዳ ይተዉ። ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው። ከብቱ ዳገቱን ጨርሶ አራት እግሩን ሜዳ ላይ ሲያሳርፍ ነው መኪናውን አይቶ ለመግባት የሚወስነው። ገና እየወጣ ሳለ መኪናው አፍንጫው ላይ ከተደቀነ ይቆማል፤ ከኋላ ያለው ይገፋዋል፤ መንሸራተት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ከፍታውን ከባዶ መኪናው ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያድርጉት። መኪናው እየተጫነ ሲሄድ ባሌስትራው (ከስር የሚሸከመው ስፕሪንግ) ስለሚረግብ ካሶኒው ይወርዳል። መወጣጫው እኩል ከነበረ የመጨረሻዎቹ ሰንጋዎች ወደ ታች መዝለል ይኖርባቸዋል። ዝቅ ካለ ግን የመጀመሪያዎቹ አንድ ደረጃ ይጨምሩና ይገባሉ፤ ያንን ለምደውታል። በመኪናውና በመወጣጫው መካከል ያለውን ክፍተት ወፍራም ጣውላ ወይም የላሜራ ክዳን ያልብሱት። እንዳይንሸራተት ከስሩ ማቆሚያ ይኑረው። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ግድ የለም፤ ኮቴ የሚያስገባ ግን እንዳይኖር።

ስፋቱ ከ75 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሰፋ ካለ ከብቱ መሀል ላይ ይዞራል፤ ከዞረ ደግሞ ሰውን ይጎዳል። ቀንዱ የተዘረጋ ዓይነት ካለዎት ቀንዱ በሚያልፍበት ከፍታ ላይ ጎኑን ወደ ውጭ ሰፋ ያድርጉት። ጎንና ጎኑ እስከ 1.50 ሜትር ድረስ የተሸፈነ ይሁን። ከብት ዓይኑ በጎን ስለሆነ ከራሱ ጀርባ ጥቂት ቦታ በቀር ዙሪያውን ያያል። በአጣናዎቹ መካከል ሰው ሲያልፍ፣ ውሻ ሲሮጥ፣ ከታች መሬቱ ርቆ ሲታየው ይደነግጣል። ሲሸፈንለት የሚያየው መንገዱን ብቻ ነው። ለሽፋን ጣውላ ይሻላል። ከሌለ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተው ጥብቅ አድርገው ይወጥሩ። አዳማ ነፋሷ የታወቀ ነው፤ የሚርገበገብ ሸራ ከክፍት ጎን የባሰ ያስፈራቸዋል። ቆርቆሮ አልመክርም፤ ይንኳኳል፣ ጠርዙም ቆዳ ይቀዳል።

ስለ ልጅዎ ሐዲዶች። ሐሳቡ ከቅንነት መሆኑ ይገባኛል፤ ብረቱም ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ግን የተሠሩት ለጎማ ነው። ጎማ በሁለት እርከኖች መካከል ያለውን ክፍተት እየዘለለ ይንከባለላል፤ ኮቴ ግን ይገባና ይቀረቀራል። ጣውላ ቢያለብሷቸውም መሀሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። 350 ኪሎ ሰንጋ ሙሉ ክብደቱን ለቅጽበት በሁለት እግር ላይ የሚያሳርፍበት ጊዜ አለ። በዚያ ላይ አጫጭር ናቸው። ለሞተሩ ሲጠቀምባቸውም ሁለት ነገር ይንገሩልኝ። በላያቸው የተጻፈው የሚሸከሙት ክብደት ለአንዱ ነው ወይስ ለጥንዱ? ይህን ይለይ፤ የነጂውንም ክብደት ይደምር። ሁለተኛ፣ ሐዲዶቹን ከፒካፑ ጋር በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ቀበቶ ይሰር። ጎማው ሲገፋቸው ወደ ኋላ ተንሸራተው የሚወድቁት ባለመታሰራቸው ነው፤ ሞተሩም ነጂው ላይ ይገለበጣል።

የብረት መወጣጫ ሲያሠሩም የማሰሩ ነገር ያው ነው። ጫፉ ላይ ካሶኒውን የሚነክስ መንጠቆ በግራና በቀኝ ይኑረው፤ በሰንሰለትም ይያዝ። ግን በብሎን አይታሰር፤ መኪናው ዝቅ ሲል አብሮ መውረድ አለበት። ሁለት ሰንጋ ተከታትለው ሲወጡበት እንዲችል 10 ኩንታል የሚሸከም ተደርጎ ይሠራ። ሲረከቡ በቃል አይመኑ። መሀሉ ላይ እህል ወይም ሲሚንቶ ጭነው፣ ይጎብጥ ወይም ብየዳው ይሰነጠቅ እንደሆነ ይዩት። ወለሉ ላይ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ አግድም እርከን ይበየድበት፤ ከፍታው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር። እርከኖቹ ከተራራቁ እግሩ በመሀል ይንሸራተታል። ከተቀራረቡ ደግሞ ኮቴው መሀላቸው ስለማያርፍ አናታቸው ላይ ይንሸራተታል። አበባማው (ላዩ ጉብጉብ ያለው) ላሜራ ብቻውን አይበቃም፤ እበት ሲሞላው ልሙጥ ይሆናል።

ይህንን ሁለተኛውን ለምን እንደምመክር ልንገርዎ። እርስዎ ግቢ ሲጫኑ ያማረ መወጣጫ አለ፤ ሲደርሱስ? ብዙ ቦታ ማራገፊያው ባዶ መሬት ነው። ረዳቱ ስፖንዳውን (የካሶኒውን መዝጊያ) ከፍቶ ከኋላ ይገፋቸዋል፤ ሰንጋው ከ1.20 ሜትር ይዘላል። መንገድ ሙሉ ቆሞ የመጣ፣ እግሩ የደነዘዘ ከብት ነው። ወገቡም፣ የፊት ጉልበቱም የሚሄደው እዚያ ነው። ቁልቁል መውረድ ለከብት ከመውጣት የበለጠ ያስፈራዋል፤ ስለዚህ መወጣጫው ለማውረድም እኩል ያስፈልጋል። ለስምንት ሰንጋ ብቻ ወጪው ከከበደዎት ከሁለት ሦስት አደላቢ ጎረቤት ጋር ተዋጥተው ያሠሩት።

ሌላው የመጫኛው ቀን ነው። በጠዋት፣ አዳማ ሳትሞቅ ይጫኑ። ግን ፀሐይዋ ዓይናቸው ውስጥ እንዳትገባ የመወጣጫው አቅጣጫ ወደ ምዕራብ የሚወጣ ይሁን። ገና ሳይነጋ ከሆነ ካሶኒው ውስጥ መብራት ያስገቡ፤ ከብት ከጨለማ ወደ ብርሃን ይሄዳል፣ ወደ ጨለማ ግን አይገባም። መብራቱ ፊታቸው ላይ አይጥቀስ። መኪናው የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው ታኮ ይደረግበት። ካሶኒው ወለል ላይ አሸዋ ወይም ጭድ ይበተን። አንዱን ነጥለው በገመድ አይጎትቱ፤ ሁለት ሦስት ሆነው ሲሄዱ ፊተኛው ከገባ ሌሎቹ ይከተላሉ። የሚነዳው ሰው ከከብቱ ትከሻ ወደ ኋላ ይቁም። ከትከሻው ፊት ከቆመ ከብቱ ወደ ኋላ ይላል፣ ከኋላ ሲሆን ወደ ፊት ይሄዳል። ዱላና ጅራት መጠምዘዝ ይቅር። በዱላ የተመታ ሥጋ ደም ይቋጥራል፣ ሥጋ ቤቱም ቆርጦ ይጥለዋል። ተደናግጦና ደክሞ የታረደ ከብት ሥጋውም ይጠቁራል፤ ጡንቻው ውስጥ ያለው ስኳር አስቀድሞ ስላለቀ ነው። ገዢ ደግሞ ጥቁር ሥጋ ሲያይ ያረጀ በሬ ይመስለዋል።

በዋዜማው ውኃ አይከልክሏቸው። እርጥብ ሣርና ሞላሰስ ግን ይቀንሱና ድርቆሽ ይስጡ፤ እበታቸው ጠጠር ይላል፣ ወለሉም አይንሸራተትም።

መወጣጫው ካለቀ መኪናውን አይጠብቁ። ሽያጩ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የማታ ፋጉሏቸውን በገንዳ አድርገው መወጣጫው አናት ላይ ባለው ሜዳ ያስቀምጡላቸው። የመጀመሪያ ቀን ከታች ቆመው ያሸታሉ። አይንዷቸው፣ ይተዋቸው። መኪና የሚጠጋበት ጫፍ ግን በአጣና ይዘጋ፤ ከዚያ እንዳይወድቁ።