አዲስ የሕትመት ፕሮቶኮል የራሱ ፖርት ያስፈልገዋል? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጎንደር ውስጥ ከፕሪንተርና ከኔትወርክ ጋር ለሚሠሩ ወጣቶች ጥያቄያቸውን እንዲያመጡ ነግሬያቸው ነበር። የመጡትን ከነመልሳቸው እነሆ። ፕሮቶኮል ስል ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበትን ደንብ፣ ፖርት ስል ደግሞ የመጣው ዳታ ለየትኛው አገልግሎት እንደሆነ የሚለየውን ቁጥር ማለቴ ነው።

ጋሼ፣ ለፒያሳ ማተሚያ ቤቶች የሚሆን የሕትመት ፕሮቶኮል እየሠራን ነው። ለጥምቀት ሰሞን ሥራ ሲከመር ወረፋ ያስይዛል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ከቆመበት ገጽ ይቀጥላል። የራሱ ፖርት እንዲሰጠው ማንን እንጠይቅ?

የሚመድበው አያና (IANA) የሚባለው ዓለም አቀፍ አካል ነው። ድረ ገጹ ላይ ያለውን ቅጽ ትሞላላችሁ፤ ክፍያ የለውም። የአገልግሎቱን ስም፣ ዳታ ከሚጓጓዝባቸው ሁለት መንገዶች በቲሲፒ ወይም በዩዲፒ መሄዱንና አጭር መግለጫ ትጽፋላችሁ። ከ1024 እስከ 49151 ያለውን ቁጥር ለመስጠት ባለሙያ ይመረምራል። ከዚያ በታች ያለው እጅግ ጠባብ በር ስለሆነ አትድከሙበት።

ግን ልጆቼ፣ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡ። የፖርት ቁጥር 16 ቢት ነው፤ ለዓለም ሁሉ ያለው 65,536 ብቻ ነው። ስለዚህ መርማሪው «ያለው ለምን አልበቃችሁም?» ማለቱ አይቀርም። አሮጌው የሕትመት ፕሮቶኮል ኤልፒዲ በ515፣ ከእሱ በኋላ የመጣው አይፒፒ በ631፣ ጥሬ ዳታ ለፕሪንተር መላኪያው በ9100 ይሠራሉ። አይፒፒ ሥራን በወረፋ ይይዛል፣ የት እንደደረሰ ይናገራል፣ ይሰርዛል፤ አዲስ ባሕርይ እንዲጨመርበት ሆኖም የተሠራ ነው። የእናንተ እውነተኛ ፈጠራ ከቆመበት መቀጠሉ ነው። እሱን በአይፒፒ ላይ ብትጨምሩት አዲስ ቁጥር የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ባዶ የሆነ ቁጥር መርጠን ብንጠቀምስ?

ዛሬ ባዶ የመሰላችሁ ቁጥር ነገ ለሌላ ይሰጣል። ከ49152 ጀምሮ ያለው ለማንም አይመደብም፤ ለሙከራ ይሆናል። ሆኖም ኮምፒውተሩ ራሱ ለጊዜያዊ ግንኙነት ስለሚወስደው አንዳንድ ጊዜ ተይዞ ታገኙታላችሁ። አንድ ደንበኛዬ ዘንድ ፕሪንተሩ በሳምንት አንዴ «የሚጠፋበትን» ምክንያት ፍለጋ ሁለት ቀን የፈጀሁት በዚሁ ነው። ቁጥሩን ፕሮግራሙ ውስጥ አትቸንክሩት፤ ተጠቃሚው የሚቀይረው ይሁን።

ለተመሰጠረው ግንኙነት ሁለተኛ ፖርት እንጠይቅ?

አይሆንም፤ ለአንድ አገልግሎት አንድ ይበቃል። አይፒፒም የተመሰጠረውንና ያልተመሰጠረውን በዚያው በ631 ያስተናግዳል።

9100ን ከውጭ እንዲደረስበት ብንከፍትስ?

በፍጹም! የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ያገኘው ሁሉ ያትምበታል።

የራሱ ቁጥር ከሌለው ኮምፒውተሩ አገልግሎታችንን በምን ያገኘዋል?

በስሙ። ዲኤንኤስ ኤስዲ በሚባለው ዘዴ ፕሪንተሩ በአካባቢው ኔትወርክ ላይ ስሙንና የሚሠራበትን ፖርት ራሱ ያሳውቃል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ አርኤፍሲ 6335 በሚባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ መሠረት፣ ያለ ቁጥር ስም ብቻ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ቀድሞ ለጠየቀም ይሰጣል። ፕሮቶኮላችሁ ራሱን ችሎ ይቁም ካላችሁ፣ በላቲን ፊደል፣ በአኃዝና በሰረዝ ከ15 ሆሄ የማይበልጥ ስም ምረጡና እሱን አስመዝግቡ። ከመላካችሁ በፊት መግለጫችሁን አምጡልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።