ሐዘኑ ንዴት ሆኖ ስለሚወጣ ልጅ፦ ጥያቄና መልስ

ኩዊንስ ኒውዮርክ ሃይስኩል ውስጥ ካውንስለር ነኝ፣ ተማሪዎቼ ብዙዎቹ የፑንጃብ፣ የባንግላዴሽና የኔፓል ልጆች ናቸው። ጠይቁ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የልጄ ጓደኛ ሲክ ነው (ከፑንጃብ የመነጨ ሃይማኖት ተከታይ)፣ 15 ዓመቱ። አባቱ ከሞተ ወዲህ አንዴም ሲያለቅስ አላየነውም ግን ክላስ ውስጥ ወንበር ይወረውራል። አላዘነም እንዴ?

መልስ፦ አዝኗል እህቴ፣ ንዴቱ ራሱ ሐዘኑ ነው። በዚህ እድሜ ብዙ ጊዜ በእንባ ፋንታ በመነጫነጭና በጠብ ነው የሚወጣው። ደሞ "ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ" የሚለው ዘመድ አይጠፋም፣ የኛም ሰው ይላታል ይቺን።

ጥያቄ፦ ከእናቱ ጋር ለምን ይጣላል? እሷ እንግሊዝኛ እንኳን አትችልም፣ ምስኪን።

መልስ፦ እሱ ላይ ነው ነገሩ! ስንት ልጅ አለ መሰላችሁ ዶክተሩ ሞቷል ሲል ለእናቱ የተረጎመ፣ ከዛ የፊውነራል ሆሙን ሂሳብ፣ የሞት ሰርተፍኬቱን፣ የኢንሹራንሱን ስልክ ሁሉንም እሱ፣ ማዘኛ ጊዜ የት አለው፣ እናቱ ሌላ ወረቀት ይዛ ስትመጣ ይፈነዳል። ፌደራል ገንዘብ የሚወስድ ሆስፒታል እኮ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ልጅን ማስተርጎም ክልክል ነው (የኛም ቤተሰቦች ይሄን እወቁ)። አንድ ትልቅ ሰው ስልኮቹን ይረከበው፣ ከምክር ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ለቅሶ ስንደርስ ጥቁር እንልበስ?

መልስ፦ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ይሻላል። ጉርድዋራ (የሲኮች ጸሎት ቤት) ከገባችሁ ጫማ አውልቁ፣ ወንዱም ራሱን ይሸፍን፣ ሲጋራና መጠጥ ይዞ መግባት የለም። ቤት ምግብ ከወሰዳችሁ የጾም ምስር በቂ ነው። አስከሬን ያቃጥላሉ፣ አሜሪካ ውስጥ ማሽኑን የሚያስነሳው ብዙ ጊዜ ወንዱ ልጅ ነው፤ አንዱ ክብሬ ነው ይላል፣ ሌላውን እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ስለዚህ አትገምቱ ጠይቁት።

ጥያቄ፦ አባቱ በሰው እጅ ቢሆንስ የሞተው?

መልስ፦ ያ ንዴት ሌላ ነው፣ ተረጋጋ አይባልም። በ2012 ዊስኮንሲን ኦክ ክሪክ ጉርድዋራ ላይ ነጭ ዘረኛ ተኩሶ ሰው ሲገድል እናቱን ያጣ የ18 ዓመት ልጅ በወሩ ገደማ ሴኔት ፊት ቀርቦ በሲኮች ላይ የሚፈጸም የጥላቻ ወንጀል ለብቻው ይቆጠር ብሎ ተናገረ፣ ኤፍቢአይ ከ2015 ጀምሮ ይቆጥራል። ሁሉም ልጅ ሴኔት ይሂድ ማለቴ አይደለም ባይሆን ንዴቱ ሥራ ያግኝ።

ጥያቄ፦ ባለሙያ መቼ?

መልስ፦ ልሙት ካለ ዛሬውኑ፣ 988 (የአሜሪካ ራስን የማጥፋት መከላከያ መስመር) ደውሉ ወይ ቴክስት አድርጉ። ከ6 ወር በኋላም ሐዘኑ ያው ከሆነና ትምህርቱን ካቆመው ቴራፒስት ይየው።

ጥያቄ፦ ልጄን ሰድቦታል፣ ይራቀው?

መልስ፦ አይራቀው ግን ስድብም አይሸከም። ሲሰድበው "ሄድኩ፣ ነገ እመጣለሁ" ይበለውና ነገ ይምጣ፣ ስለ አባቱ ባያነሳም ኳስ ይዞ ይምጣ።