ሦስት ሹፌር ለአንድ ሚኒባስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ የስፖርት ገጽ (ከ2025ቱ የኤንቢኤ ድራፍት በፊት የተጻፈ)

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? እኛ ደሴ ፒያሳ የምንገናኝ አራት ጓደኛሞች ነን፣ አራታችንም በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ የሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ደጋፊ። እውነቱን ለመናገር ደጋፊ የሆንነው ረጅሙ ቪክቶር ዌምባንያማ ከመጣ ወዲህ ነው። አዳዲስ ልጆች የሚመረጡበትን ተራ ከሚወስነው ከግንቦቱ ዕጣ ጀምሮ ግን ሰላም የለንም። ቡድናችን ሁለተኛውን ምርጫ አገኘ። አንደኛ መራጩ ዳላስ ኩፐር ፍላግን ከወሰደ ለእኛ የሚተርፈው ዲላን ሃርፐር ነው ይባላል። ሃርፐር ጋርድ ነው፣ ኳስ ይዞ ጨዋታ የሚመራ። እኛ ዲአሮን ፎክስ አለን፣ ስቴፎን ካስል አለን፣ ሁለቱም ጋርድ። ሁለታችን «ይምጣ፣ ጎበዝ ልጅ አይገፋም» እንላለን። ሁለቱ ደግሞ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፣ የቸገረን ከሩቅ የሚያስቆጥር ሰው ነው፣ ምርጫውን ሰጥተን ትልቅ ስም እናምጣበት» ይላሉ። ባለፈው ጁምዓ ተኮራርፈን የቡና ሒሳብ ለየብቻ ከፈልን። እርስዎ ይፍረዱን።
የሌሊት ተመልካቾች፣ ከደሴ

መልስ፦ ሒሳብ ለየብቻ? ደሴ ላይ? ይሄማ ከድራፍቱ የባሰ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ታረቁ፣ አራታችሁም አንድ ጀበና ክበቡ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

(በነገራችን ላይ ድራፍት ስል ቢራውን አይደለም። ይህን የምለው ወድጄ እንዳይመስላችሁ። አምና በስልክ «ድራፍቱ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፣ እንዳያመልጥህ» ስል የሰሙኝ አጎቴ አስተግፊሩላህ ብለው ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ለእሳቸውና ለመሰሎቻቸው፦ ድራፍት ማለት 30ዎቹ የኤንቢኤ ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ልጆችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው።)

ፍርዴን ላስቀድም። ይምጣ። ሁለታችሁ ልክ ናችሁ። ግን ምክንያታችሁ ልክ አይደለም። ሁለቱ ተቃዋሚዎች ደግሞ ተሳስተዋል፣ ጥያቄያቸው ግን ከእናንተ ይሻላል።

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ አስቡ። ሐረጎ ላይ፣ ያ ሁሉ ጥምዝምዝ መንገድ ላይ፣ መሪውን የሚይዘው አንድ ሰው ነው። ሦስት ጎበዝ ሹፌር ብታሳፍሩ ሁለቱ ተሳፋሪ ናቸው፣ ያውም ከኋላ ሆነው «ኧረ ፍሬን!» እያሉ ሰው የሚያስጨንቁ ተሳፋሪ። ኳሷም እንደ መሪው አንድ ናት። ካስል በ2025 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል፣ ግን ከሦስት ነጥብ መስመር ከሞከራቸው ያገባው 28.5 በመቶ ነው። ፎክስም ከሩቅ የሚፈራ ሰው አይደለም፣ የእሱ ነገር ፍጥነት ነው። ሃርፐር በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ 33.3 በመቶ ነው ያገባው። ከሩቅ ካልተፈራህ ተከላካይህ ትቶህ ይሄዳል። ወዴት? ወደ ዌምባንያማ ነዋ። ሦስት ጋርድ አንድ ላይ አሰልፋችሁ ያን ዛፍ የሚያህል ልጅ ሦስት ሰው ሲከመርበት ማየት ነው ትርፉ። ተቃዋሚዎቹ የያዙት እውነት ይሄ ነው፣ ትንሽ እውነትም አይደለም።

ታዲያ ለምን ይምጣ አልኩ?

እስቲ ልጁን እንየው። በ2025ቱ ድራፍት 19 ዓመቱ ነው። ግራኝ ነው። ባዶ እግሩን ሲለካ 1 ሜትር ከ94 ሴንቲ ሜትር ግድም ሆኗል፣ እጁን ሲዘረጋ ደግሞ ከጫፍ ጫፍ 2 ሜትር ከ9። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ጋርድ ቁመቱ ከሚለው በላይ ረጅም ነው። በራትገርስ በጨዋታ 19.4 ነጥብ እና 4 አሲስት (ለነጥብ የበቃ ቅብብል) ነበረው። ቡድኑ ግን 15 አሸንፎ 17 ተሸነፈ፣ ይህንንም እንዳንደብቀው። ጨዋታውን ካያችሁት አይቸኩልም። ወደ ቀለበቱ ሲገባ ተከላካዩን በትከሻው ጠጋ ይለዋል፣ ያ ሰውዬ አሁን ይዘላል ብሎ ሲነሳ እሱ ይዘገያል፣ ሰውዬው ሲወርድ እሱ በግራው ያስቀምጣታል። ሩጫ አይደለም፣ የፍጥነት መቀያየር ነው። ፎክስ በሩጫ ነው የሚያልፍህ፣ ይሄኛው በመዘግየት። ስለዚህ «አንድ ዓይነት ሦስት ሰው» የሚለው ክርክር መጀመሪያውኑ ልክ አይደለም።

ወደ ሚኒባሱ እንመለስ። ሃርፐር ሹፌር መሆን ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ይችላል። ጥያቄው ረዳት መሆን ይችላል ወይ ነው። ረዳትን አትናቁ። ሰው የሚጠራው እሱ ነው፣ ሒሳብ የሚሰበስበው እሱ ነው፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ የሚያደርገውም እሱ ነው። ኳስ በእጁ ሳይኖር ወደ ቀለበት የሚቆርጥ፣ ጥግ ይዞ የሚጠብቅ፣ የተቃራኒን ምርጥ ጋርድ የሚይዝ ሰው ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ እኔን ያሳመነኝ አባቱ ነው። ሮን ሃርፐር። የ1990ዎቹን ቺካጎ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሰውዬው በ1994 በክሊፐርስ በጨዋታ 20 ነጥብ የሚያስቆጥር ዋና ሹፌር ነበር። ቺካጎ ሲገባ ማይክል ጆርዳንን የመሰለ ሹፌር ተመልሶ መጣበት። ምን አደረገ? ነጥቡን ትቶ ተከላካይ ሆነ። ሦስት ዋንጫ ከቺካጎ፣ ኋላ ሁለት ከሌከርስ፣ አምስት የሻምፒዮና ቀለበት ይዞ ወጣ። ልጁ እንደ አባቱ ይሆናል ማለቴ አይደለም፣ የሼክ ልጅ ሁሉ ሼክ አይሆንም። ግን መሪውን ለሌላ ሰው መስጠት ውርደት እንዳልሆነ በገዛ ቤቱ ያየ ልጅ ነው።

አሁን ስለ «ጋርድ ሞልቶናል» እናውራ። ይህችን አባባል ኤንቢኤ ውስጥ ያለቀሱባት ብዙ ናቸው። በ1984 ፖርትላንድ ክላይድ ድሬክስለር አለን ብለው ረጅሙን ሳም ቦዊን ወሰዱ፣ ቀጥሎ ቺካጎ ማይክል ጆርዳንን አነሣ። ይሄን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለእናንተ የሚቀርበው ግን የሳክራሜንቶ ታሪክ ነው፣ ምክንያቱም ሰውዬው ያው የእናንተው ፎክስ ነው። በ2018 ሳክራሜንቶ ሁለተኛ ምርጫ ነበራት፣ ልክ እንደ እናንተ። ሉካ ዶንቺች ገና አልተወሰደም። «ኳስ የሚይዝ ልጅማ አምና ወስደናል፣ ፎክስ አለ» የሚል ክርክር ነበር፣ መጨረሻ ላይ ማርቪን ባግሊን ወሰዱ። ዶንቺችን ሦስተኛ ሆና አትላንታ መረጠችውና ለዳላስ ሰጠችው። የቀረውን ታውቁታላችሁ፣ ልጁ የሊጉ ኮከብ ሆነ።

ያቺው ሳክራሜንቶ በ2020 ተምራ ነው መሰለኝ 12ኛ ላይ ታይሪስ ሃሊበርተንን ከፎክስ ጎን ወሰደችው። እሱም ጋርድ። ሁለቱ አብረው ብዙ አልሄዱም፣ በ2022 ሃሊበርተን ኢንዲያና ሄደ፣ ዶማንታስ ሳቦኒስ መጣ። በዓመቱ ሳክራሜንቶ ከ2006 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይ ኦፍ (የማጠቃለያ ዙር) ገባች። ኢንዲያናም በ2025 ከኦክላሆማ ሲቲ ጋር ፍጻሜ ደረሰች፣ በሃሊበርተን። ልብ በሉ፣ «ትርፍ» የተባለው ጋርድ ሁለት ቤት አበላ። ጎበዝ ልጅ ይዘህ ካልተስማማህ የሚቀበልህ አታጣም። ያልወሰድከውን ልጅ ግን ማንም አይመልስልህም።

የራሴን ክርክር የሚያፈርስ አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እንዳትሉኝ እኔው ልናገር። በ2009 ሚኒሶታ አምስተኛና ስድስተኛ ምርጫ ነበራት። ሁለቱንም ጋርድ ወሰደች፣ ሪኪ ሩቢዮንና ጆኒ ፍሊንን። ሰባተኛ ሆኖ ወደ ጎልደን ስቴት የሄደው ኋላ ኮከብ የሆነው ስቴፈን ከሪ ነው! እናም ጋርድ መሰብሰብ በራሱ ብልህነት አይደለም፣ የትኛው ጋርድ የሚለው ነው ነገሩ።

«ሦስት ጋርድ አንድ ላይ ተጫውቶ አያውቅም» ለሚሉት ደግሞ መልስ አለኝ። በ2019 እና 2020 የውድድር ዘመን ኦክላሆማ ሲቲ ክሪስ ፖልን፣ ዴኒስ ሽሮደርንና ሻይ ጊልጀስ አሌክሳንደርን በአንድ ላይ ታሰልፍ ነበር፣ ሦስቱም ኳስ መሪ። ሽሮደር ከተቀያሪ ወንበር ይነሣል፣ ጨዋታ ሲጠብ ሦስቱ አብረው ይጨርሳሉ። 44 አሸንፈው 28 ተሸነፉ፣ ይወድቃሉ የተባሉት ሰዎች። ከሦስቱ ትንሹ ሻይ በ2025 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። የእናንተው ስፐርስስ ቢሆን ማኑ ጂኖቢሊን ዓመታት ሙሉ ከወንበር አስነስቶ አይደል ዋንጫ የበላ? ሰውዬው በ1999 57ኛ ተመርጦ ነው።

«ትልቅ ስም እናምጣበት» የሚለውን በአጭሩ። ከሚነሱት ስሞች አንዱ ኬቨን ዱራንት ነው። ዱራንትን እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ይህን ስጽፍ፣ በ2025፣ 36 ዓመቱ ነው። ዌምባንያማ 21፣ ካስል 20፣ ሃርፐር 19። ልጆቹ ሲደርሱ እሱ ጡረታ ላይ ነው። ገንዘቡም አለ። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ልጅ ደሞዙ በተራው ቁጥር የተወሰነ ነው፣ ሁለት ዓመት የተረጋገጠ፣ ሦስተኛና አራተኛው በክለቡ ፍላጎት። የፎክስ ውል ደግሞ ይህ ሲጻፍ የሚያልቀው በ2026 ነበር። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? እናንተ ሦስት ባላ ልትተክሉ ነው፣ ምን ቸገራችሁ።

ከሩቅ የሚያስቆጥር ሰው ስጡን ላሉት ሁለቱ፦ አብሽሩ፣ ስፐርስ በ2025ቱ ድራፍት 14ኛ ምርጫም አለው። እሱን እዚያ ፈልጉ። በሁለተኛ ምርጫ ወጥ፣ በ14ኛው ጨው ይገዛል።

የ2025ቱ ድራፍት ሰኔ 18 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ለአንድ ምርጫ የሚሰጠው 5 ደቂቃ ስለሆነ ተራችሁ ቶሎ ይደርሳል፣ እናቶቻችሁ ለሱብሂ ሲነሱ አልቆላችኋል። ጩኸቱን ብቻ ቀንሱ። ሒሳቡን ደግሞ በዚያ ሳምንት ሁለቱ ተቃዋሚዎች ይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ዳላስ አንደኛ የወጣችው በ1.8 በመቶ ዕድል ነው አሉ። ይሄ ነገር እውነት ዕጣ ነው ወይስ የተበላ እቁብ? እህትዎ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ እቁብ ላይ እንኳ ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያወጣው። እዚያ ማሽን አለ። ከ1 እስከ 14 የተጻፈባቸው ኳሶች ይገቡና አራት ይወጣሉ። አራት አራት አድርገሽ ስታጣምሪያቸው 1001 ዓይነት ይሆናሉ፣ አንዷን ጥለው 1000ውን ፕሌይ ኦፍ ላልገቡት 14 ቡድኖች ያካፍላሉ። ለመጨረሻዎቹ ሦስት ደካሞች 140፣ 140 ይደርሳቸዋል። ዳላስ የነበራት 18 ብቻ ነው። ወጣላት። ዩታ 17 ብቻ አሸንፋ 65 ተሸንፋ፣ የዓመቱ መጨረሻ ሆና፣ አምስተኛ ምርጫ ላይ ወደቀች። ያናድዳል። ግን 18 ዕጣ የያዘ ሰውም አንዳንዴ ይደርሰዋል፣ ባይደርሰውማ ለምን ይሰጡታል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐይቅ ላይ የሰፈር ልጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ልንጀምር ነው። አምበሎች ተራ በተራ ልጅ እንመርጣለን፣ ከእነሱ ድራፍት የኮረጅነው ነው። የእኔ ተራ ሦስተኛ ነው፣ ረጅሞቹ ሁለቱ ከእኔ በፊት ይሄዳሉ። አንድ አጭር ልጅ አለ፣ ኳሷ እጁ ላይ ሙጫ ናት፣ ሦስት ሰው ያልፋል፣ ግን ለማንም አያቀብልም። ልውሰደው?

መልስ፦ አጭርነቱን ተወው። ሙጫው ነው እኔን ያሳሰበኝ። ከምርጫው በፊት ሜዳ ውሰደውና ሦስት ለሦስት አጫውታቸው፣ ድሪብል (ኳስ እያነጠሩ መሄድ) ክልክል አድርገህ። ማቀበልና መሮጥ ብቻ። አሥር ደቂቃ በቂ ነው፣ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አትንገር። ኳሷን ሰጥቶ ወደ ባዶ ቦታ ከሮጠና እጁን አንሥቶ ከጠራ፣ ሳትጠራጠር ውሰደው። ሰጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ከቆመ ለሌላ አምበል ተውለት፣ እነሱ ይጨነቁበት። ደግሞ ቶሎ በል፣ ዝናቡ ሳይገባ። ጭቃ ላይ ኳስ ስለማትነጥር ሁሉም ልጅ አቀባይ ይመስልሃል።