አደኑን ከግጦሽ መሬቱ ለይታችሁ ተከራከሩ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከመናገሻ ወጣ ብሎ፣ ወጨጫ ተራራ ግርጌ ነው። አያቶቻችን እዚህ ጫካ ውስጥ ድኩላና ቆቅ ያድኑ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጠባቂዎች ታናሽ ወንድሜን ከነወጥመዱና ከድኩላ ሥጋ ጋር ይዘውት፣ እስካሁን ፖሊስ ጣቢያ ነው። በዚያው ሰሞን ከብት የምናሰማራበትን መሬት «የፓርኩ ክልል ስለሆነ ልቀቁ» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ኬንያ ውስጥ አዳኞች መንግሥትን ከሰው ረቱ ሲባል ሰምቻለሁ። እኛስ በአባቶቻችን መብት መከራከር አንችልም?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የወንድምዎ ጉዳይ ጊዜ አይሰጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። እስካሁን ካልቀረበ ዛሬውኑ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ያስገቡለት። ከቀረበ ደግሞ ዋስትና ይጠይቅ። ዝም የማለት መብትም አለው።

«የአባቶቻችን መብት ነው» የሚለው መከራከሪያ ግን ነፃ አያወጣውም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ወንጀል አድርጎታል። ቅጣቱንም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ከ5,000 እስከ 30,000 ብር፣ ወይም ሁለቱንም ብሎ ነው የደነገገው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 ግን አንድ በር ይከፍታል። ሰውየው በቅን ልቦና «መብቴ ነው» ብሎ ካመነ፣ ለማመንም በቂ ምክንያት ከነበረው፣ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ሥጋውን ሲደብቅ ከተያዘ ግን ይህን ማሳመን ይከብዳል።

ወደ ኬንያ እንምጣ። የሰሙት እውነት ነው። የማው ደን ነዋሪዎች የሆኑት ኦጊየኮች እ.ኤ.አ. በ2017 አሩሻ በሚገኘው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ረቱ። በ2022 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከ157 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ በላይ ካሳ ወሰነላቸው። የእነሱ ኑሮ ግን ጫካው ነበር፤ ማሩም አደኑም። የእናንተ ኑሮ እርሻና ከብት ነው። ደግሞም ኢትዮጵያ ያንን ፍርድ ቤት ያቋቋመውን ፕሮቶኮል አላጸደቀችም።

ለእናንተ የሚቀርቡት እዚያው ኬንያ ያሉት እንዶሮይሶች ናቸው። ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ከቦጎሪያ ሐይቅ ዳርቻ ለዱር እንስሳት ክልል ተብሎ ተነሡ። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 መብታቸው መጣሱን ወሰነ። ይህ ኮሚሽን ለኢትዮጵያውያንም ክፍት ነው። ነገር ግን መጀመሪያ የአገር ውስጡን መንገድ እስከ መጨረሻው መሄድን ይጠይቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። ሰው በአደን ክሱ ሲብሰለሰል የመሬቱ ቀን ያልፍበታል። ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የማስለቀቂያ ትዕዛዝ ለደረሰው ሰው አቤቱታ ማቅረቢያ የሚሰጠው 30 ቀን ነው። ከዚያ ወደ ይግባኝ ጉባኤ፣ ቀጥሎም ወደ ፍርድ ቤት ይኬዳል።

ደብዳቤውን ደጋግመው ያንብቡት። «ይዞታችሁ ለሕዝብ ጥቅም ይለቀቅ» ነው የሚለው ወይስ «ሕገወጥ ወራሪ ናችሁ»? በመጀመሪያው ካሳ አስቀድሞ መከፈል አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ምንም ላለመክፈል ነውና ባለይዞታ መሆናችሁን ማስረዳት ግድ ነው። የይዞታ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ መሬቱን የሚያውቁ ጎረቤቶች፣ ሁሉም ይጠቅማል።

«ፓርክ» የሚለውን ቃልም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። የመናገሻ ሱባ ደን የመንግሥት ደን ነው እንጂ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። ወሰኑ በየትኛው ሕግ እንደተከለለ ይገለጽልን፣ ካርታውም ይታይልን ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። «እኛ እንቀድማለን» በሚለው ብቻ አትመኩ። ደኑ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ ስለሚነገር፣ በዕድሜ ከሆነ መንግሥትም የሚለው አያጣም። የሚያዋጣችሁ ይዞታውና ወረቀቱ ነው።

መሬቱ በእርግጥ ከደኑ ውስጥ ሆኖ ከተገኘስ? ያኔም ባዶ እጃችሁን መቅረት የለባችሁም። የደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010 ለአሳታፊ የደን አስተዳደር ቦታ ሰጥቷል። የአካባቢው ሰው ተደራጅቶ ደኑን ሲጠብቅ ከጥቅሙም ይካፈላል። ሣር ማጨድና ቀፎ መስቀል በስምምነቱ እንዲገባ ጠይቁ። አደንን ግን በዚያ ድርድር አታንሱት፤ የወንድምዎ ክስ የመሬት አቤቱታችሁን ያጠለሽባችኋል።

አቤቱታውን ሲያስገቡ በቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ።