ሰሌዳው ብቻውን አይመሰክርም፦ የቆዩ የውድድር መኪኖችን ማንነት ስለማጣራት ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁን ለመመለስ ፈቃደኛ ነኝ፤ ነገር ግን አስቀድሜ ላሳስብ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። በቅርብ የማውቀው የ1950ዎቹን የእንግሊዝ የውድድር መኪና፣ ጃጓር ዲ-ታይፕን ስለሆነ፣ ስለ ሌሎቹ የምለው ያንሳል። የሻንሲ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ደግሞ በመፍቻ የሚነሣና በሌላ መኪና ላይ የሚታሰር ነገር ነውና፣ ሰሌዳውን ብቻ ይዞ የሚመጣ ጠያቂ ረጅም መልስ አይጠብቅ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአንድን የውድድር መኪና ታሪክ መከታተል የሚጀመረው ከፋብሪካው ነው ወይስ ከአሁኑ ባለቤት?

መልስ፦ ከሁለቱም ጫፍ ተነሥተው መሃል ላይ ለመገናኘት ይሞክሩ። በፋብሪካው በኩል ለሻንሲው፣ ለሞተሩ፣ ለካምቢዮውና ለአካሉ የተሰጡትን ቁጥሮች፣ መኪናው የወጣበትን ቀንና የመጀመሪያውን ገዢ ይፈልጋሉ፤ የጃጓርን መዝገብ የሚጠብቀው የኩባንያው የቅርስ ድርጅት ሲሆን፣ ለባለቤቶችም የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በአሁኑ ባለቤት በኩል ደግሞ የሽያጭ ውል፣ ሊብሬ፣ የጉምሩክና የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የጋራዥ ደረሰኝ እያሉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። መካከሉን የሚሞሉት የውድድር ተመዝጋቢዎች ዝርዝርና የዘመኑ ፎቶግራፎች ናቸው። እኔ ከወረቀት ይልቅ ለፎቶግራፍ አደላለሁ፤ እነዚህ መኪኖች በእጅ የተሠሩ በመሆናቸው የሪቬቱ አሰላለፍ፣ የጭስ ማውጫው አወጣጥና ከነጂው ራስ ጀርባ ያለው ክንፍ ከመኪና መኪና ይለያያሉ፤ ወረቀት የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሁሉ ማስመሰል አይችልም። የፋብሪካው የምስክር ወረቀት የሚናገረው ምን ዓይነት መኪና ከበሩ እንደወጣ ነው እንጂ፣ ዛሬ ከፊትዎ የቆመው ያው መኪና ስለመሆኑ አይደለም።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ዲ-ታይፕ ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?

መልስ፦ የየትኛው ዓመት? የየትኛው ቡድን? ይህ ሳይጻፍ የሚሰጥ ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። የ1954ቱ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 83 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 106 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ መጠኑ 3442 ሲሲ ነበር፤ በሦስት ዌበር ካርቡራተሮች 250 ያህል የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። በ1957 «ለ ማን» በተባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ያሸነፈው መኪና ሲሊንደሩ ወደ 87 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ 3781 ሲሲ ሆኖ ነበር፤ ነዳጁንም በካርቡራተር ሳይሆን በኢንጀክሽን ነበር የሚቀበለው። በ1958 የውድድሩ ደንብ ከ3 ሊትር በላይ የሆነን ሞተር ከለከለና ቡድኖቹ አነስተኛ ሞተር ለመግጠም ተገደዱ። ስለዚህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአንድ መኪና ላይ የተለያዩ ሞተሮች መግባታቸው የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ የተለመደ የውድድር ሥራ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) በተነሣ ጊዜ ሁለቱንም ልኬቶች ራስዎ ይውሰዱ። ሲሊንደር በጥገና ብዛት ሊሰፋ ይችላል፤ ምቱ ግን ክራንክሻፍቱ ካልተቀየረ አይለወጥም፤ ስለዚህ ከስፋቱ ይልቅ ምቱን ይመኑ።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ አንድን ቁጥር የያዙ ሁለት ዲ-ታይፖች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? አንደኛው የግድ የሐሰት አይደለምን?

መልስ፦ ሲጠበቅ የነበረው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ያለው በመኪናው አሠራር ውስጥ ነው። ዲ-ታይፕ ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ሻንሲ የለውም። ነጂው የሚቀመጥበት መካከለኛው ክፍል ራሱ ሸክም የሚሸከም የላሜራ አካል ሲሆን፣ ሞተሩንና የፊት እግሮቹን የሚይዘው ከፊቱ የተገጠመ የቱቦ ፍሬም ነው። በ1954ቱ መኪኖች ላይ ፍሬሙ ከአካሉ ጋር የተበየደ ነበር፤ ከ1955 ጀምሮ ግን በብረት ቱቦ ተሠርቶ በብሎን እንዲታሰር ተደረገ፤ ይህም ለጥገና እጅግ አመቺ ነበር። የሻንሲ ቁጥሩም የሚመታው በዚህ በሚፈታው ፍሬም ላይ ነበር። መዘዙ የመጣው ከዚያ ነው።

በ1960ዎቹ ዲ-ታይፕ ጊዜ ያለፈበት የውድድር መኪና እንጂ ውድ ቅርስ አልነበረም። የተጋጨው ፍሬም ተፈትቶ ከጋራዡ ጥግ ይጣላል፤ ሌላ ፍሬም ይገጠምና መኪናው ወደ ውድድሩ ይመለሳል። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው የተጣለውን ፍሬም ይገዛል፤ ያቃናዋል፤ አዲስ አካል ያሠራለታል። አሁን አንደኛው መኪና ነባሩ አካልና ያልተቋረጠ የባለቤትነት ታሪክ አለው፤ ሁለተኛው ደግሞ ቁጥሩ በፋብሪካ የተመታበት ነባር ፍሬም አለው። ሁለቱም ባለቤቶች ሳይዋሹ አንድን ቁጥር ይጠራሉ። መርማሪው የብየዳውን ስፌት፣ የላሜራውን ውፍረት፣ የተመታውን ቁጥር የፊደል ቅርጽና ጥልቀት ከዘመኑ ናሙና ጋር ያስተያያል። የተሻለው መፍትሔ አንድ ባለቤት ሁለቱንም ገዝቶ ክፍሎቹን ወደየነበሩበት መመለስ ነው፤ እንዲህ የተደረገላቸው መኪኖችም አሉ። እስከዚያ ድረስ ሰሌዳውን አትመኑ።

አስተያየት (ከአትላንታ)፦ ቁጥሩ ያለበት ፍሬም ነው መኪናው። ሕግ የሚያውቀው ቁጥርን ነው፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ማብቃት ይገባዋል።

አስተያየት (ከስቶክሆልም)፦ ወንድሜ፣ አልስማማም። ፍሬሙ በ1956 ከመኪናው ላይ ወርዶ ከሆነ፣ በ1957 የተወዳደረው መኪና የትኛው ነው ሊባል ነው? ውድድሩን የሮጠው ጥግ ላይ የተጣለው ብረት አይደለም።

አስተያየት (ከአትላንታ)፦ እንዲያ ከሆነ ብሎኑን አንድ በአንድ የቀየረ ሰው ሁሉ ባለ ታሪክ መኪና አለኝ ሊል ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም የምትከራከሩበት ጉዳይ በ1990 በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታይቷል። መኪናው በ1929ም በ1930ም ለ ማንን ያሸነፈው፣ «ኦልድ ነምበር ዋን» የሚባለው ቤንትሌይ ስፒድ ሲክስ ነበር። ይህ መኪና ከድሉ በኋላ ባለ 8 ሊትር ሞተር ተገጥሞለት በ1932 ብሩክላንድስ በተባለው የእንግሊዝ የውድድር ሜዳ ላይ ሲወዳደር ነጂው ክላይቭ ደንፊ ሞቷል፤ ከዚያም እንደገና ተሠርቷል። በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛ የተስማማው ወገን ግን «ያሸነፈው መኪና ይህ አይደለም» ብሎ ውሉን ሊተው ፈለገ። ዳኛው ኦተን መኪናው ለ ማን ላይ በነበረበት ሁኔታ እንዳልቆየ ተቀብለው፣ ታሪኩ ግን ከመኪና ወደ መኪና ሳይዘል አንድ ሆኖ ስለቀጠለ እውነተኛው ኦልድ ነምበር ዋን መሆኑን ፈረዱ። ስለዚህ የአትላንታው ወንድማችን «ሕግ ቁጥርን ነው የሚያውቀው» ያሉት ቢያንስ በዚያ ችሎት አልሠራም። ሚዛን የደፋው የታሪኩ አለመቋረጥ ነው። የብሎኑን ነገር በተመለከተም፣ መኪናው እየሮጠ የተቀየረለት ክፍልና ከሞተ በኋላ ተለቃቅሞ የተሠራለት ክፍል እኩል አይታዩም።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ አንድ ዲ-ታይፕ ዛሬ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ዋጋ የእኔ ሙያ አይደለም። የሻንሲ ቁጥሩ ኤክስ ኬ ዲ 501 የሆነው የ1956ቱ የለ ማን አሸናፊ ዲ-ታይፕ በ2016 በጨረታ 21.78 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ማንነቱ አከራካሪ ያልሆነ መኪና እንዲህ ይሸጣል፤ አከራካሪው እንዲህ አይሸጥም።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ አጎቴ ዘንድ የድሮ ፎቶግራፍ አለ። መኪናው ቀይ ነው፣ አፍንጫው ረጅም ነው። ምን መኪና ይሆን?

መልስ፦ ቀይና ረጅም አፍንጫ ያለው መኪና ብዙ ነው። የተወዳዳሪ ቁጥሩ የሚነበብ ከሆነ፣ ፎቶግራፉ የተነሣበት ቦታና ዓመትም የሚታወቅ ከሆነ ተመልሰው ይጻፉ።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ ጃጓር በቅርብ ዓመታት ራሱ የሠራቸው ዲ-ታይፖችና ለመንገድ የተዘጋጁት አቻዎቻቸው ኤክስ ኬ ኤስ ኤሶች እንደ እውነተኛ ይቆጠራሉ? ሠሪው ያው ፋብሪካ ነው እኮ።

መልስ፦ በየካቲት 1957 ብራውንስ ሌን በሚገኘው ፋብሪካ ላይ በደረሰው ቃጠሎ የጠፉትን ዘጠኝ ኤክስ ኬ ኤስ ኤሶች ለመተካት ኩባንያው በ2016 ዘጠኝ አዳዲስ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በ2018 ደግሞ ከታቀዱት 100 ዲ-ታይፖች የተሠሩት 75 ብቻ ናቸው በማለት ቀሪዎቹን 25 ለመሥራት ተነሣ። ሥራቸው ድንቅ ነው። ሆኖም በ1955 ለ ማን ላይ አልነበሩም። አዲስ መሆናቸው በግልጽ እስከተነገረ ድረስ ምንም ነውር የለውም፤ የምፈራው ከሠላሳ ዓመት በኋላ አዲስነታቸውን የሚነግር ወረቀት ሲጠፋ የሚሆነውን ነው።

ጥያቄ (ከጀርመን)፦ የፖርሸ 917ትን ታሪክ ከሙዚየም ማረጋገጥ አይቻልም? ፋብሪካው ራሱ ያስቀመጠው መኪና ሊያሳስት አይችልም።

መልስ፦ ሊያሳስት ይችላል። በ1970 ለ ማንን ያሸነፈው ሻንሲ 917-023 ነው። በሙዚየሙ ለዓመታት የአሸናፊውን ቀይና ነጭ ቀለም ለብሶ የቆየው ግን የመጀመሪያው ሻንሲ 917-001 ነበር፤ ወደ 1969 መልኩ የተመለሰው በ2019 ነው። ቀለም ከሰሌዳም የባሰ ምስክር ነው።

ጥያቄ (ከሚላን)፦ ስለ ፌራሪ 250 ጂ ቲ ኦስ?

መልስ፦ በአጭሩ፦ ከ1962 እስከ 1964 የተሠሩት 36 ናቸው፤ ሞተሩ ባለ 12 ሲሊንደር 2953 ሲሲ ነው፤ የውድድሩ ደንብ ቢያንስ 100 መኪና እንዲሠራ ቢጠይቅም ኩባንያው የቀድሞው 250 ጂ ቲ ዓይነት ነው ብሎ አስመዘገበው። የሻንሲ ቁጥሮቻቸው ጎዶሎ ናቸው፤ ሙሉ ቁጥር የያዘ ጂ ቲ ኦ ከቀረበልዎ ሌላውን መመርመር አያስፈልግዎትም። የቀረውን ፌራሪ የሚያውቁ ይመልሱ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጋሼ፣ ሰሌዳው ላይ ኤክስ ኬ ዲ የሚል ቁጥር አለ። መኪናው እውነተኛ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ከላይ ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። ሰሌዳ ይነሣል፤ ይቀረጻል፤ ይሸጣል። በፊት ፍሬሙ ላይ የተመታውን ቁጥር ቀለሙ ተነሥቶ በጎን ብርሃን ፎቶግራፍ ያንሡት፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ቁጥሩ በሲ ኤስ ኤክስ 4 ሺህ የሚጀምር ሼልቢ ኮብራ እንደ 1960ዎቹ መኪና እየተሸጠ ነው። ልግዛ?

መልስ፦ የ1960ዎቹ ኮብራዎች ሲ ኤስ ኤክስ 2 ሺህና 3 ሺህ ናቸው። 4 ሺህ ከዚያ በጣም ዘግይቶ የተሠራ ተከታይ ነው። መኪናውን ወደውት ከሆነ በአዲስ መኪና ዋጋ ይግዙት፤ ሻጩ በ1960ዎቹ ተሠርቷል ብሎ በጽሑፍ ለመፈረም ፈቃደኛ እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁት።