መስኮቱ ውስጥ ያለው «ጋዝ» ነው ወይስ «አየር»?

ስቶክሆልም የሚኖሩ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የመስኮት ማስታወቂያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በሁለቱ መስታወቶች መካከል አርጎን የሚባል ጋዝ አለ። ‹ጋዝ የተሞላ መስኮት› ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ስትሰማ ‹እሳት ቢነሳስ?› ብላ ደነገጠች። ‹አየር› ልበለው?»

እባክዎ «አየር» አይበሉ። እናትዎ ግን ያለ ምክንያት አልደነገጡም። እኛ ጋ ጋዝ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ነጭ ጋዝ ነው፤ በኩራዝ የሚነደው ፈሳሽ። ቱርኮችና ግብፆችም ይህንኑ ፈሳሽ በጋዝ ስም ይጠሩታል። ቃሉ ሲወለድ ግን የፈሳሽ ስም አልነበረም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የብራስልሱ ሊቅ ያን ባፕቲስት ፋን ሄልሞንት የፈጠረው ቃል ነው። የተነሳውም ከግሪኩ «ካኦስ» ነው፤ ግሪኮች ዓለም መልክ ከመያዙ በፊት የነበረውን ባዶነት የሚጠሩበት። ስለዚህ ስሙ ከፈሳሹ ይልቅ ለማይጨበጠው ነገር ይገባል። እኔ ፈሳሹን «ላምባ» ብቻ ብንለው እመርጣለሁ፤ «ነጭ ጋዝ» አይዋጥልኝም። ግን ምን ይደረግ? ሱቁም ሰፈሩም ነጭ ጋዝ ካለ ቆየ።

«ሰው የሚያውቀው አየርን ነው፣ እሱ ይበቃል» የሚሉ አሉ። አይበቃም! አየር ድብልቅ ነው። አርጎን ከአየር ውስጥ 1 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ገዢው ጨምሮ የሚከፍለው አየሩ ወጥቶ አርጎን ስለገባለት ነው። አርጎን ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር በሲሶ ያህል ያንሳል፤ የክረምቱን ብርድ የሚያስታግሰውም በዚህ ነው። ሁለቱንም «አየር» ካልናቸው ገዢው የከፈለበትን ልዩነት ከጽሑፉ አጠፋንበት ማለት ነው።

አርጎን የሚለው ስምም ደስ ይላል። የብሪታንያ ሳይንቲስቶቹ ሬይሊና ራምዚ በ1894 እ.ኤ.አ. ሲያገኙት ከግሪኩ «አርጎስ» ወሰዱለት። «አ» አፍራሽ ናት፤ «ኤርጎን» ሥራ ነው። ቃል በቃል ሥራ ፈት! ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር በቀላሉ አይዋሃድም፣ አይነድም። «ሥራ ፈት ጋዝ» ብንለው እንዴት ባማረ። ግን ባለሙያውም ነጋዴውም «አርጎን» ብሏል፤ እሺ፣ አርጎን ይሁን። እናትዎን ለማረጋጋት «የማይነድ» የሚል ቅጽል ይጨምሩበት።

አንድ እርማት አለኝ። የተሞላው ክፍተቱ እንጂ መስኮቱ አይደለም። «በመስታወቶቹ መካከል የማይነድ የአርጎን ጋዝ የተሞላበት መስኮት» ብለው ይጻፉ። «-በት» የምትለዋን ቅጥያ አይዝለሏት፤ ጋዙ የት እንዳለ የምትናገረው እሷ ናት።